በአባ ታደለ አፍ የተናገርኩት

ይህን ለሚስቴም ለእናቴም ነግሬ አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ነው የደፈርኩት።

እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ ብረት በሚያጠነክር ፋብሪካ እሠራ ነበር። የማሽን ፒኖች ምድጃ ውስጥ ይገባሉ፤ በአሞንያ ጋዝ እየጋሉ ሲቆዩ ቆዳቸው ይጠነክርና ሲፋተጉ ቶሎ አይበሉም። ሰዓቱ ሳይሞላ የወጣ ፒን ለዓይን ያው ነው። ጉዱ የሚታወቀው ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ሥራውን ያስያዙኝ አባ ታደለ ናቸው። ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ወናፍ እየነፉ ነው ያደጉት። አንድ ዓርብ ሁለታችን ተረኞች ሆንን። እሳቸው ቀደም ብለው ወጡ። እዚያ ዓርብ ሲመሽ ሰንበት ስለሚገባ አውቶቡስ ይቆማል፤ እኔ ምድጃው እስኪጨርስ ብጠብቅ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሁድ ሥራ ስንገባ ፒኖቹን አሽጌ ላክሁ።

ከጊዜ በኋላ ፒኖቹ ተበልተው ተመለሱ። አባ ታደለ በሰንበት እሳት ሲነድ እንደማይወዱ ሁሉም ያውቃል፤ አለቃው ያጠፉት እሳቸው ናቸው ብሎ ደመደመ። አስጠራቸው። ዕብራይስጡ ስለማይሆንላቸው እንደወትሮው አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«እኔ ስወጣ ታኑሩ ይነድ ነበር። እግዜር ያያል፣ አልነካሁትም። በለው እንጂ ልጄ!» አሉኝ። ምድጃውን በዕብራይስጥ ስሙ ታኑር ነበር የሚሉት።

አለቃው «ምን አለ?» አለኝ።

እኔም በዕብራይስጥ ፈጠን ብዬ፣ «ጥፋቱን አምኗል፤ ሁለተኛ አይለምደኝም ይላል» አልኩት።

አለቃው ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። አባ ታደለ ነገሩ የተቃና መስሏቸው «ቶዳ፣ ቶዳ» እያሉ አመሰገኑ። በማግስቱ ከምድጃው ተነሥተው መጥረጊያ ተሰጣቸው። ያ ሁሉ ዘመን ከእሳት ጋር የኖሩ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ወለል ጠረጉ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

ፈርቼ ነው ልበል? አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ግን ፈሪ ዝም ይላል እንጂ የሰው ቃል ይለውጣል? እኔ ዝም አላልኩም። የሽማግሌ ቃል ከአፋቸው ተቀብዬ የራሴን ውሸት አቀበልኩ።

የእናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የሚለመኑት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ልነግራቸው ቆርጬ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ገና አፌን ሳልከፍት አብሯቸው ለነበረ ዘመዳቸው፣ «ያን ጊዜ የተሟገተልኝ ይሄ ልጅ ነው! እሱ ባይኖር ያባርሩኝ ነበር» አሉት።

«ኧረ ምንም አላደረግሁም» አልኩ። ትሕትና መስሏቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ።

ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።