ቁልፍ የሚሸጥበት ሰፈር

«እትዬ ሰፈር» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ስም ቢጠሯት ግን ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። እንግዳን ሁሉ «እርስዎ» እያለች ታስተናግዳለች። እሷን አንቱ ያላት ሰው ግን «ገና ምኑን አረጀሁ?» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ እኛም አንቱ ሳንል እናውራላት።

ሥራዋ ለእንግዳ ማረፊያ መፈለግ ነው። ደላላ ያላት ሰው ያን ቀን ፊቷን አያየውም። ከተማዋ አንድ ዝነኛ ግንብ አላት። ከሩቅ የመጣ ሁሉ እሱን ሊያይ ተሰልፎ፣ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ እግሩ አብጦ ይመለሳል። እትዬ ሰፈር ጋ የሚመጡት ግን ግንቡን ቢያልፉት የማይቆጫቸው ናቸው። ሰልፍ የሰለቻቸው አሉ፤ ድንጋይ ከማየት ሰው እንዴት እንደሚኖር ማየት የሚሻላቸውም አሉ። እነሱን ትርፍ ክፍል ካላቸው ቤተሰቦች ጋር ታገናኛለች።

የጀመረችው ሳታስበው ነው። በወጣትነቷ ግንቡ ሥር ባለ ትልቅ ሆቴል አልጋ ታነጥፍ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ፣ ክፍሏ በስህተት ለሌላ ተሰጥቶባት፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። አንጀቷ አልችል አላትና ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች። ቤቷ አናጢዎች ሰፈር ነበር፤ ገና ሲነጋ መጋዙና መዶሻው የሚጀምርበት፣ ሰጋቱራው እስከ ጓዳ የሚገባበት። እንግዳዋ ለአንድ ሌሊት ብላ ገብታ የመመለሻዋ ቀን እስኪደርስ አልወጣችም። አገሯ ገብታ ለጓደኞቿ ያወራችው ስለ ግንቡ ሳይሆን የወንበር እግር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ከዚያ ጓደኞቿ መጡ፤ የጓደኞቿም ጓደኞች መጡ።

ሰፈር የምትመርጥበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም መጀመሪያ የሚያምናት የለም። በአዘቦት ቀን ትሄድና ቁልፍ ትጠይቃለች። የበር ቁልፍ ሳይሆን የሸሚዝ ቁልፍ። «አንዲት ነጭ ቁልፍ የት አገኛለሁ?» ትላለች። ሱቁን ካሳዩአት፣ በተለይ ደግሞ ባለሱቁ «ሸሚዙን አምጪውና የሚመሳሰል ልፈልግልሽ» ካላት፣ ሰፈሩን ወደደችው ማለት ነው። ቁልፍ የሚገዛ ሰው ሸሚዙን አጥቦ ደግሞ የሚለብስ ሰው ነው ትላለች፤ እንዲህ ያለ ሰው የማይኖርበት ቦታ ገበያ ይባል ይሆናል እንጂ ሰፈር አይባልም።

ለእንግዳውም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፤ «ጠዋት ምን ሰምተው መንቃት ይወዳሉ?» ዝናብ ያላት ሰው ነበር፤ «እሱን እንኳ ከላይ ይጠይቁ» ብላዋለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ «ምንም» አላት። ሴት ልጁም ጸጥ ያለ ቦታ እንድትፈልግለት ለምናት ነበር። እሷ ግን ትምህርት ቤት አጠገብ አሳረፈችው፤ ምንም መስማት አልፈልግም የሚል ሰው ለብቻው አይተውም ብላ። ሰውየው መጀመሪያ ተነጫነጨ። ኋላ ኋላ ከአጥሩ ዘሎ የሚወጣውን ኳስ ወደ ግቢው የሚመልሰው እሱ ሆነ። ሲሄድ አመሰግናለሁ እንኳ አላላትም፤ ያሳሰበው ከእሱ በኋላ ኳሱን ማን ይመልስላቸው ይሆን የሚለው ብቻ ነበር። እሷ ይህን እንደ ምስጋና ትቆጥረዋለች፣ እኔም እንደዚያው። ሰው አይቶ ልኩን ማወቅ ለሁሉም አልተሰጠም።

ታዲያ ይህችው ብልህ ሴት፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስል ነበር።

ልጇ ጥሩ ሥራ ይዞ ወግ ማዕረግ ያሳያት ጊዜ ለወላጆቹ አፓርታማ ገዛላቸው። የት? ግንቡ ፊት ለፊት። መስኮቱ ሲከፈት ግንቡ ሳሎን ሊገባ የመጣ ይመስላል። ቤቱ አሳንሰር አለው፤ ጉልበቷን ለሚያማት እትዬ ሰፈር አሳንሰሩ ብቻውን ከግንቡ ይበልጥባት ነበር። የልጅ ስጦታስ እንዴት ይመለሳል? አናጢዎች ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ዘግታ፣ መርቃ ገባች። ባሏን «ምን ሰምተህ መንቃት ትወዳለህ?» ብላ አልጠየቀችውም። ባል እኮ የታወቀ ነው፤ የገዛ ባሏን ማን ትጠይቃለች?

ባሏ ዕድሜውን በቀለም ቀቢነት ያሳለፈ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛነቱ በወሬ ነው እንጂ በዜማ አይደለም። ባዶ ቤት ሲቀባ ያንጎራጉራል፤ ጢሙን ሲላጭ ያንጎራጉራል። ድምፁ፣ እውነት ለመናገር፣ ሰው ባይሰማው የሚሻል ነው። በአናጢዎቹ መጋዝ መሐል ግን ማንንም አያስቸግርም ነበር።

አዲሱ ቤት ከገቡ ወዲህ ሰውየው ከሰው ተራ ወጣ። ሳህኑን ገፋ ያደርገዋል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል፤ ቀን ለግንቡ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ሐኪሙ ደሙንም ሳንባውንም መርምሮ ምንም አላገኘበትም። እትዬ ሰፈር ግን ሸሚዙ ትከሻው ላይ እየሰፋው ሲሄድ ታይ ነበር። ባሏ ዓይኗ እያየ እያለቀባት ነው። ሊሞትብኝ ነው ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷን ግን ለማንም ሳትናገር ዋጥ አደረገችው።

አንድ ቀን ከዚያው ሸሚዝ አንድ ቁልፍ ወልቆ ጠፋ። ሸሚዙን በፌስታል ይዛ ወረደች። የመጀመሪያው ሱቅ ከቆርቆሮ የተሠራ ትንንሽ ግንብ ይሸጣል። ቀጥሎ ያለው ግንብ የታተመበት ኩባያ ይሸጣል። ሌላው ዘንድ ግንብ ያለበት ካናቴራ ተሰቅሏል፤ ሻጩም ቁልፍ ስትለው «እናቴ፣ አዲስ አይገዙም?» አላት። መንገዱን እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። የቤቱ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ያቃጭላል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ግን በዚያ አካባቢ የለም። ስንቱን ሰው «ቁልፍ የማይሸጥበት ቦታ አይረፉ» ያለች ሴት፣ ክው ብላ መንገድ ላይ ቀረች።

ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። የቤታቸው ቁጥር ነበር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከባሏ በቀር ማንም አልነበረም።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ የባሏ ድምፅ። «እትዬ ሰፈር እርስዎ ነዎት?»

በትዳር ዘመኗ እርስዎ ብሏት አያውቅም። ሊቀልድ ነው ብላ ልትስቅ ነበር፤ ድምፁ ግን የሚቀልድ ሰው ድምፅ አልነበረም። ይህ ሰው ማንንም ምንም ለምኖ አያውቅም፤ ውኃ አቀብይኝ ከማለት ተነሥቶ መቅዳት የሚቀለው ሰው ነው። እንደ ባል መጠየቅ ቢያቅተው እንደ እንግዳ መጣ። ሌላ ሴት ብትሆን «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» ባለችው፣ እሱም ስልኩን በዘጋው፣ ነገሩም እዚያው በቀረ ነበር። እሷ ግን እንደ እንግዳ ተቀበለችው። እኔ ለዚህ ነው የማደንቃት።

«አዎ፣ ነኝ። አሁን የት ነው ያረፉት?»

«ግንቡ ፊት ለፊት።»

«አልተመቸዎትም?»

«ቤቱስ ምንም አይወጣለትም። ልጄ ነው የሰጠኝ፤ ይባረክ።»

እትዬ ሰፈር ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ዱሮ ልትጠይቀው የሚገባትን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቀችው።

«ጠዋት ምን ሰምተው መንቃት ይወዳሉ?»

«መጋዝ» አለ፤ ቶሎ ነው ያለው፣ አፉ ላይ ቆይቶ እንደነበር ያስታውቃል። «መጋዝ ሲኖር እኔን ማንም አይሰማኝም። እዚህ ስተነፍስ እንኳ ይሰማል። የገባን ሰሞን ስላጭ ሳንጎራጉር፣ ከጎን ያሉት ግድግዳውን ደበደቡ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።»

እሷ ይህን አታውቅም ነበር። ያን ጠዋት ወጥታ ነበር፣ ለሌላ ሰው ሰፈር ልታይ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን እንግዳ እንደምታናግር ሴት ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ክፍሉ ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ» አለ። «ቀን ቀን ብቻ የምቀመጥበት ቢሆንም ይበቃኛል። ባለቤቴ እዚህ ተመችቷታል። ጉልበቷን ያማታል፣ አሳንሰር አለ። እሷን ማንቀሳቀስ አልፈልግም።»

«ለአንድ ሰው የሚሆን የለኝም» አለች። «ያለኝ ለሁለት ነው። ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። አናጢዎቹ ጋ።»

«እንግዲያው ዕቃዬን ልሸክፍ» አለ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ልጅየው አኮረፈ። ሰው ምን ይለኛል፣ እናትና አባቱን ሰጋቱራ ውስጥ ጣለ አይሉኝም ወይ እያለ ተብሰለሰለ። እጁን እንዳልመለሱበት ነገረችው። አፓርታማው እንደማይዘጋም፣ ግንቡን የሚወዱ እንግዶች እንደምታሳርፍበት ነገረችው፤ እንዲህ ያሉም ሰዎች አሉ፣ መብታቸው ነው። ሊወቅሳቸው በመጣበት ቀን ሥራ በዛብኝ ሲል የኖረው ልጅ አባቱ ፍራሽ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ፤ ያን ሁሉ መዶሻ ሳይሰማ። የተወለደበት ድምፅ አይደል። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያው በረደ።

በገቡ ማግስት መጋዙ ገና ሲነጋ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ከመጋዙ ሥር፣ ከመታጠቢያው በኩል፣ ሌላ ድምፅ መጣ። እትዬ ሰፈር ዓይኗን ሳትገልጥ አዳመጠችው። ዜማው እንደ ዱሮው መንገዱን ስቷል። እስኪጨርስ ድረስ ከአልጋዋ አልወረደችም።

በኋላ ከጥጉ ሱቅ ቁልፍ ገዝታ በሩ ላይ ተቀምጣ ሸሚዙን ስትሰፋ፣ ተላጭቶ ወጣና ከጎኗ ተቀመጠ። መርፌዋን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ ፈገግ አለ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አላት። «እርስዎስ፣ እትዬ ሰፈር፣ ጠዋት ምን ሰምተው መንቃት ይወዳሉ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ሸሚዙንም ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ የሰማሁትን» አለችው።