በሩ ሳይዘጋ

ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግራ እግሯ ነው። ከወንድ ጋር ስትነጋገር ያ እግር ደፉ ላይ ተተክሎ በሩን ደግፎ ይይዛል። ፊቷ ይስቃል፣ እጇ ፀጉሯን ያስተካክላል፣ አፏ ይቀልዳል፤ እግሯ ግን ከጨዋታው የለበትም። ነገሩ በግልጽ ተነግሮ ሳያልቅ አንዲት ጋት አይንቀሳቀስም።

ሰፈሩ "ሚስማር" ይላታል። ስሙን ያወጡላት እትዬ ናቸው፤ ከፊት መጠጥ ቤት፣ ከጓሮ ስድስት ክፍል ያላቸው የቤቱ ባለቤት። ለስድብ ነበር ያወጡት፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው።

የስሙ መነሻ ይህ ነው። በሯ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በሰው ዓይን ልክ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቸንክራለች። በቆርቆሮው ውስጥ ኮንዶም አለ። ሌሎቹ ሴቶች ፍራሽ ሥር ነው የሚያኖሩት፤ አንዷማ ትራስ ውስጥ ሰፍታዋለች። የሚስማር ግን ከጣሪያው ጥላ ሥር ሆኖ፣ ውሃ ቀጂው እያየው፣ አላፊ አግዳሚው እየተጠቋቆመበት ይውላል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ቀን፣ "ለምን ውጭ?" አለቻት።

"ሲስተር፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ልመና ነው። በሩ ክፍት ሆኖ የሚነገር ግን ሕግ ነው።"

ሲስተር ስንት ዓመት ሙሉ ሥዕል እየሰቀለች ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ብዕሯን አውጥታ ይህችን አባባል በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈቻት።

ሚስማር ይህን ዕውቀት በነጻ አላገኘችውም። ሥራውን በጀመረች ዓመት እሷም ፍራሽ ሥር ትደብቅ ነበር፤ የምትጠይቀውም መብራት ከጠፋ በኋላ ነበር። አንድ ሰው እሺ ብሏት በጨለማው አወለቀው። ያወቀችው ሲነጋ ነው። ሮጣ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ቶሎ ከተጀመረ ቫይረሱን የሚከላከል ክኒን ለሃያ ስምንት ቀን ሰጧት። ሃያ ስምንት ቀን ክኒኑ ሲያስመልሳት ሰነበተ። ከዚያም የመጨረሻውን ምርመራ መጠበቅ መጣ፤ እሱ ከክኒኑ ይብሳል። "ነጻ ነሽ" ሲሏት ያለቅስ ይሆናል ብላ የጠበቀችው ዓይኗ ደረቅ ነበር። "እንዲህ የሚያስጠብቀኝ ወንድ ሁለተኛ አይፈጠርም" አለችና፣ ከጤና ጣቢያው ወጥታ በቀጥታ መዶሻ ልትገዛ ሄደች።

ሰኞ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮንትራክተሩ መጣ። የእትዬ የክብር ደንበኛ ነው፤ ሠራተኞቹን አስከትሎ ሲገባ መጠጥ ቤቱ ሰርግ ቤት ይመስላል። ቆርቆሮውን አየና ፊቱን አኮማተረ።

"ምነው፣ በሽተኛ እመስላለሁ?"

"ጋሼ፣ ፊት አይቼ የምመረምር ብሆን ኖሮ ሆስፒታል አይቀጥረኝም ነበር?"

"እኔኮ ባለትዳር ነኝ!"

"ታዲያ ለባለቤትዎም የማስበው እኔ ልሁን?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያንን የመከላከያ ክኒን በየቀኑ ትውጪ የለ እንዴ? ሰምቻለሁ።"

"እውጣለሁ። ክኒኑ የኔ ነው፤ ይሄ የሁለታችን ነው።" ቆርቆሮውን በጣቷ አንኳኳችው። "ክኒኑ ኤች አይ ቪን ነው የሚያውቀው። ከጨብጥና ከቂጥኝ ጋር አይተዋወቅም። እርስዎ ይተዋወቁ ይሆን?"

ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ኮንትራክተሩ ጆሮው ቀላ። ዞር ብሎ ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳ። የቀዮ በር ነው፤ ባልደረባዋ፣ ሳቂታዋ፣ "እምቢ" ማለት እንደ ትኩስ ድንች አፏን የሚያቃጥላት ቀዮ። በሩ ተከፈተ፤ ወዲያው ተዘጋ። ሚስማር ያን ጊዜ ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

ሰውዬው ሲወጣ ለእትዬ ተናገረ፤ ሁለተኛ እንዲህ ከተዋረደ ሠራተኞቹን ይዞ ሌላ ቤት እንደሚሄድ። እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እያንቋቁ መጡ።

"ቤቴን ክሊኒክ አስመሰልሽው!"

"ክሊኒክማ ቢሆን እትዬ፣ ደጃፉ ላይ ወረፋ ይኖር ነበር።"

"አትቀልጂብኝ! ተጠቀሚ፣ ማን ከለከለሽ? ውስጥ አስቀምጪው ነው ያልኩት።"

"ውስጥ አስቀምጬው አይቻለሁ።"

"እንግዲያው እስከ ዓርብ። ወይ ቆርቆሮው ይወርዳል፣ ወይ አንቺ ትወጫለሽ።"

ቀላል ነገር አልነበረም። ክፍሏ መኝታዋም፣ ሥራዋም፣ ማረፊያዋም ነው። ማክሰኞና ረቡዕ እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። የተገኘው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም በክፍሎቹ መግቢያ ላይ ያለው መጋረጃ ነው። መጋረጃ ደግሞ አንዴ ከተገለጠ በቃ፤ ቆሞ መደራደሪያ፣ ማስቆሚያ የለውም። ሐሙስን ለመጨረሻ ፍለጋ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሳለ ቀዮ ገባች።

"እህቴ፣ አውርጂው በቃ። ለአንድ ቆርቆሮ ብለሽ መንገድ ላይ ልትወድቂ ነው?"

"ሰኞ ዕለት ምን አልሽው?" አለች ሚስማር።

ቀዮ ጥፍሯን ማየት ጀመረች።

"ቀዮ።"

"በሽተኛ እመስልሻለሁ ወይ፣ የታመንኩ ደንበኛ ነኝ አለኝ፤ ያለ ኮንዶም እሺ አልኩት። በሩም ተዘግቶ ነበር።"

ሚስማር በጣቷ ሰዓት አሰላች። የሃያ ስምንት ቀኑ ክኒን የሚሰጠው ሰባ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ የሰኞ ቀትር ደግሞ ዛሬ ቀትር ላይ ይሞላል። "ተነሽ" አለች።

"ቤት ፍለጋሽስ?"

"ተነሽ አልኩሽ!"

ጤና ጣቢያው ወረፋ ነበረው። ቀዮ ሁለት ጊዜ ልታመልጥ ብላ ሁለት ጊዜ በክንዷ ተይዛ ተመለሰች። "እንደ ሙሽራ አጀብሽኝኮ" እያለች በለቅሶ መሀል ሳቀች። ቀዮ የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ውጣ፣ የቀረውን ይዘው ሲወጡ ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሚስማር የቀረውን ቀን ቀዮ ራስጌ ተቀምጣ ጨረሰችው።

ዓርብ እትዬ ዘበኛውን ጉጠት አስይዘው ሲመጡ ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ ሻንጣው ታስሯል።

"ለዚህ ብለሽ?" አሉ። ቁጣቸው ለአፍታ ተናወጠ።

"ለዚህ።" ከዚያ ካቻቢቴ አውጥታ የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች መፍታት ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"በሬን እየነቀልኩ።"

"በርሽን?!"

"አንድ ጊዜ እምቢ ያልኩት ሌላ ሰውዬ የድሮውን በር በእርግጫ ሲሰብረው ምን አሉኝ? ያስቆጣሽው አንቺ፣ የምታሠሪው አንቺ። አሠራሁት።"

እትዬ ወደ ዘበኛው ዞሩ። ዘበኛው ጉጠቱን ከኋላው ደበቀ። "እውነቷን ነው እትዬ። ከአናጢው ቤት ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

"ያለ በር ክፍሉን ለማን ላከራየው?"

"መጋረጃ ይስቀሉበት" አለች፤ የመጨረሻውን ብሎን ኪሷ ከተተች።

በሩ በስስ ላሜራ የተለበጠ ጣውላ ነው፤ ከባድ ነው። ቀዮ በአንድ በኩል፣ ዘበኛው በሌላ በኩል ሆነው አናቷ ላይ ጫኑላት። "ፍራሹን ማታ ባለመጋረጃው ቤት አመጣልሻለሁ" አለች ቀዮ። ሚስማር አንገቷን ማዞር ስላልቻለች ዓይኗን ብቻ ወደ እሷ አዙራ መለሰችላት፤ "አንቺ ክኒንሽን በሰዓቱ ዋጪ፤ ዛሬ ገና ሁለተኛ ቀንሽ ነው።"

መንገዱ በሰው ሞልቷል። አንድ ሊስትሮ ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ "እህት፣ በሩ የት ያደርሳል?" ሲል ጮኸ።

"እስከሚገጠምበት!"

ሰዉ እየሳቀ ግራና ቀኝ ገለል አለላት። ግድግዳ የሌለው፣ ቤት የሌለው በር፣ ከነቆርቆሮው፣ ከሰው ራስ በላይ እየተወዛወዘ ሄደ፤ ከኋላዋ ቆሞ ለሚያይ ከበሩ ሥር የሚታዩት የሚቸኩሉ ሁለት ተረከዞች ብቻ ነበሩ። መታጠፊያው ላይ በሩ ከመብራት እንጨቱ ጋር ተጋጨ። ቆመች፣ አጋደለችው፣ ወደ መናኸሪያው ታጠፈች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።