ለአንድ ካሴት የተጠገነ ማርሚታ

ባለቤቴ ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል የታክሲዬ ማርሚታ ተበሳ። ጭሱ የሚወጣበት ቧንቧ መሃሉ ላይ በዝገት ተበልቶ ነበርና መኪናዋ ላፍቶ ስትነሳ ድምጿ ብስራተ ገብርኤል ይሰማል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ተሳፋሪው "ሹፌር፣ ሄሊኮፕተር ነው እንዴ የምትነዳው?" እያለ ይስቅብኛል። እኔም "ክንፉን ረስቼው ነው" እያልኩ እመልሳለሁ። ጆሮዬ ለምዶት ነበር፤ ካሴቱ ባይመጣ ኖሮ እንደተበሳ ይከርም ነበር።

ያኔ አረብ አገር የሄደ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሚመጣ ሰው እጅ ይልካል። የእሷ ኮንትራት ሊያልቅ ስለነበር "ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ቁርጡን ንገሪኝ" ብዬ ጽፌላት ነበር። ካሴቱ መልሷ ነው። የቤታችንን ቴፕ ለመቅጃ ይዛው ስለሄደች እኔ ያለኝ የታክሲዋ ቴፕ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው ስለደከመ ሞተር ካልተነሳ አይሠራም። አከራዬ ቴፕ ነበራቸው። ግን የሚስቴን ድምፅ ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ሰው ፊት ፊቴን እያየኝ መስማት አልፈለግሁም።

የካሴቱን አንደኛ ገጽ ቀን ላይ፣ አሠሪዎቿ ሳይኖሩ ነው የቀዳችው። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነበርና ማርሚታው እየጮኸም ቢሆን ይሰማኛል። "ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" አለችና ሰላምታ ጀመረች። ጎረቤቱን፣ ዕድርተኛውን፣ የጉሊቷን ሴትዮ፣ የአከራያችንን ውሻ ሳይቀር። ሁለተኛውን ገጽ ገለበጥኩት። "አሁን ተኝተዋል፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራህ፤ ያን የጠየቅከኝን..." አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሹክሹክታ ነው፤ ሹክሹክታውን ማርሚታው ዋጠው። ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩት፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ፤ የሚሰማኝ የቧንቧው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ንዴቴ የሚስቴን አፍ የያዙባት ያህል ነበር።

ሰላምታውን ለባለቤቶቹ ማድረስ ግዴታ ነውና ማታውን ለአከራዬ አደረስኩ።

"እሰይ ልጄ! መቼ ትመጣለች ታዲያ?" አሉኝ።

"ልትመጣ ነው እማማ፣ በቅርቡ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሳቸውማ ቤቱን በኖራ ላስቀባላችሁ ብለው ተነሱ።

በማግስቱ ቸኩዬ ቀዳዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩና በሽቦ አሰርኩት። ገና ዋናው መንገድ ሳልደርስ ጨርቁ ተቃጠለ፤ ተሳፋሪዎቼም አፍንጫቸውን ይዘው ወረዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እሑድ ጠዋት ሥራውን እንደ ሰው ያዝኩት። ከአከራዬ የወተት ዱቄት ጣሳ ለምኜ በመቀስ ቀደድኩና ዘረጋሁት። ሸክላ አፈር ከአመድ ጋር አቡክቼ፣ ጆንያ አንጥፌ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ዝገቱን ፋቅሁ፣ ጭቃውን ለጠፍኩ፣ በላዩ ጣሳውን ጠቀለልኩ። ቀጥሎ በሽቦ ማጥበቅ ነው፤ እሱ ግን አንዱ ጣሳውን እየያዘ ሌላው የሚያጠብቀው የሁለት ሰው ሥራ ነው። በጉልበቴ ደገፍኩት። እሷ እያለች አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ዕቃ ታቀብለኝ ነበር፤ ቀና ሳልል እጄን ዘረጋሁና "ፒንሳ" አልኩ። የራሴን ድምፅ ስሰማ አፈርኩ። እጄን እንደዘረጋሁ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ ተንፏቅቄ ወጥቼ ራሴ አነሳሁትና ተመልሼ ሽቦውን አጠበቅሁ። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ባትሪው የደከመ እንደሆነ፣ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ነው የሚያቆመው። የሚገፋለት ስለሌለ። ፍሬኑን ለቀቅሁ፤ እየተንደረደረች ስትወርድ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ሞተሩ ተነሳ። ጸጥ ያለ ነው። ጭቃው ገና ስላልደረቀ እንፋሎት ይሸታል እንጂ ጣሳው ይዟል። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ፣ ሰው ሳልጭን፣ ጤፍ በተዘራበት ሜዳ ዳር ዳር ቀስ እያልኩ ነዳሁና ካሴቱን ከተትኩ።

"...ያን የጠየቅከኝን ልንገርህ ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ጨምሬያለሁ። ሳላማክርህ ፈረምኩ፤ ባማክርህ እምቢ ትለኛለህ፣ እምቢ ካልከኝ ደግሞ መምጣቴ ነው። አሁን ብመጣ ያው እንደ ሄድኩት ባዶ እጄን ነኝ፤ አንተም ያቺኑ መኪና ስትገፋ ነው የማገኝህ። ተቆጣኝ፣ ግን አትጥላኝ። ለእማማ አንተው ንገርልኝ፣ እኔ አልችልም።"

አቧራው በመስኮት ይገባል። መንገዱ ደብዝዞ ታየኝ፤ ዓይኔ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መኪናዋን ዳር ይዤ አቆምኩ፤ ሞተሩ ከጠፋ እሷም ትጠፋለችና እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም።

ቀስ ብላ ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ ወዲያ ማዶ ክፍል ውስጥ የሆነ ሰው ሲያስልም ተሰማኝ።

"ሰማኸኝ?" አለች።

ካሴቱ ላይ ለመልሴ ባዶ ቦታ ትታልኛለች።

"ሰማሁሽ" አልኩ፣ ባዶ ታክሲ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ።

ትንሽ ቆየችና "እሺ" አለች።