ቀዩ ላይ የሚወጣው ጠቋሚ

ማስተዋል ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚጠግንባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችው። የሚተኛውም ከዚያችው ጓዳ ነው። እናቱ ካረፉ ወዲህ ከመኪና ሕመም በቀር ሌላ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። ሹፌሩ ይመጣል፣ «መብራቱ እምቢ አለኝ» ይላል፣ ሲሠራለት ይሄዳል። ማታ በሩን ሲዘጋ የሚያጫውተው ጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው።

በ2007 መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ስሜነሽ መመላለስ ጀመረች። ባሏ ሲሞት የተወላትን አሮጌ ፒካፕ ራሷ እየነዳች ከጥሊሊ ድንች ታመላልሳለች። ሹፌሮቹ ሲያዩዋት «መንገድ ልቀቁ፣ ሴትዮዋ መጣች!» ይላሉ። እሷም በመስኮት ብቅ ብላ «ልቀቅ እንጂ! በሬ መንዳት ቢያቅትህ አይደል መኪና የያዝከው?» ትላቸዋለች።

የፒካፑ ችግር የሞተር ሙቀት ነው። ጥቂት እንደሄደ ጠቋሚው ሽቅብ ወጥቶ ቀዩ ላይ ይቆማል። ዳንግላ ያለ አንድ መካኒክ «ሞተሩ ተከፍቶ መታየት አለበት» ብሏታል። የማስከፈቻው ገንዘብ ከየት ይመጣል? መኪናው ከተሸጠ ደግሞ ግምጃ ቤት ወንድሟ ዘንድ ገብታ የሰው እጅ ጠባቂ መሆኗ ነው።

ማስተዋል ኮፈኑን ከፍቶ ከራዲያተሩ የሚወጣውን ጎማ በእጁ ጨበጠ። ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ሽቦውን ሙቀቱን ከሚለካው ሴንሰር ቢነቅለው ጠቋሚው ቁልቁል ወረደ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ እትዬ ስሜነሽ። የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው።»

ሴንሰሩን ቀየረላት፤ መርቃው ሄደች። በወሩ ጠቋሚው ያው ቀዩ ላይ ቆሞ ተመለሰች። የሽቦውን ሶኬት ጠርጎ ቢሰጣት በወሩ እንደገና መጣች። እሱ ሲሠራ እሷ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስለ ድንቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሟቹ ታወራለች። ማስተዋል ሳይታወቀው የምትመጣበትን ቀን እየጠበቀ ደጁን መጥረግ ጀምሮ ነበር። ቀኑን ያውቀዋል፤ ሁልጊዜ የኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው።

ኅዳር ላይ ስትመጣ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ አቧራ ሆኗል። ሶኬቱን ቢነቅለው ግን ውስጡ እርጥብ ነው፤ ብረቱም አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል።

«መኪናውን አጥበውታል?»

«ኧረ አላጠብኩም።»

«ውሃ አለበት እኮ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ትስቅብኛለህ።»

«አልስቅም።»

«ጸበል ነው። በየወሩ ለኪዳነ ምሕረት ሞተሩን እረጨዋለሁ። ባሌም በሕይወት ሳለ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የእሱ ጣት ነክሮ ጠብ ማድረግ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁና ጠርሙሱን ሙሉ አፈስስበት ጀመር። እምቢ ሲለኝ ደግሞ ጨመርኩበት።»

ማስተዋል ሶኬቱን በጨርቅ ማድረቅ ጀመረ። «አሮጌ መኪና ነው፣ እንዲህ ያደርገዋል» ቢላት ታምነዋለች፤ በወሩም ትመጣለች፤ ጎማው ላይ ተቀምጣም ታወራለታለች። አንድ ቀን ግን ተስፋ ቆርጣ ትሸጠዋለች።

«ውሃው እዚህ ሲገባ ሞተሩ ሳይሞቅ ሴንሰሩ ሞቀ ይላል» አላት ቀና ሳይል። «ሌላ ምንም የለበትም። ጸበሉን ከእንግዲህ መሪው ላይ ጠብ ያድርጉት።»

«መሪው ምን ሆነና?»

«መሪውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሲያበቃ ዓይኗን ጠረገች። «እመቤቴን ስንት ወር ስጨቀጭቃት፣ ጥፋቱ የኔው ኖሯል! እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ከእንግዲህ አላስቸግርህም።»

ማስተዋል ዝገቱን ፋቀ፣ ሶኬቱን ገጠመ፣ በላስቲክ ጠቅልሎም አጥብቆ አሰረው። ቋጠሮዋን ላላ ላድርጋት የሚል ሐሳብ ሽው ቢልበትም እጁ አልታዘዘለትም።

በታኅሣሥ ኪዳነ ምሕረት ማግስት ደጁን ጠርጎ ቆመ። ፒካፑ ድንች ጭኖ ከጥሊሊ በኩል መጣ፤ ሳያዘግም፣ ሳይቆም። ስሜነሽ ጥሩምባ ነፋችለት። ማስተዋል ለሰላምታው እጁን ሲያነሳ መኪናው መታጠፊያውን አልፎ ነበር።