በአርብ ገበያ የታረመ ምክር

ረቡዕ፣ ከደብረ ታቦር

በግንቦት መጨረሻ ከደብረ ታቦር የተነሳሁት በታች ጋይንት ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ከማመናቸው በፊት እንዴት እንደሚመረምሩ ላሠለጥን ነው። ሃያ ዓመት ኮምፒውተር አስተምሬያለሁና ደረቴን ነፍቼ ነበር የተሳፈርሁት። የጉና ተራራ ጉም ለብሷል። ንፋስ መውጫ ላይ ሽሮ በገብስ እንጀራ በልቼ ሌላ ሚኒባስ ያዝሁና አቧራ ስቅም ውዬ አመሻሽ ላይ አርብ ገበያ ገባሁ።

ሐሙስ፣ አርብ ገበያ

ሥልጠናውን የምሰጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። የገብስ ዘር በረኪና በገባበት ውሃ ካደረ ዋግ አይመታውም ይላል። ከድረ ገጽ የገለበጡት የግብርና ክበቡ ኃላፊ መምህር ጌታሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ ሲገለብጡ አንድ ፊደል አይስቱም።

«ምንም አላጎደልሁም» አሉኝ ኮራ ብለው። «ባለፈው ዓርብም ለገበያተኛው አንብቤለታለሁ።»

ደነገጥሁ። ዘሩ ከሞተ ገበሬው ሰኔ ላይ ምን ሊዘራ ነው? በተማሪዎቻቸው ፊት ማሳፈሩ ግን ከበደኝና ወደ ለመድሁት መመዘኛ ሸሸሁ። ጸሐፊ፣ ቀን፣ ምንጭ፣ ዓላማ እያልሁ ስዘረዝር ግማሹ ክፍል አዛጋ።

ያን ጊዜ ባዩሽ የምትባል የመሪጌታ ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባቴ ዘንድ ድጓ አውቃለሁ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ‹ከማን ተማርህ?› ይባላል። እዚሁ ጋይንት ካለው የድጓ ምስክር ቤት ከቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ድምፁ ቢያምርም መምህር አይባልም። ይሄ ገጽስ ከማን ተማረ? የት አስመሰከረ?»

እኔ ጠዋቱን ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። የራሴን ልጅ ያህል ኮራሁባት።

መምህር ጌታሰው ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ከፈቱ። የጸሐፊ ስም የለ፣ አድራሻ የለ። ዝቅ ሲሉ ያው ገጽ በሦስት ቀን ራሰ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ያስተዋውቃል። ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ለቀበሌዋ የግብርና ልማት ሠራተኛ ደወሉ።

«ኧረ መምህር! በበረኪና ካደረማ ፍሬው መቼ ይበቅላል!» አለቻቸው።

ዓርብ፣ ገበያው

ወረቀቱን በዝምታ ይነቅሉታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እህል ተራው መሐል ድንጋይ ላይ ወጡ።

«ወገኖቼ፣ ባለፈው ዓርብ ስለ ዘር የነገርኋችሁ ስህተት ነው። ማን እንደጻፈው ሳልጠይቅ ነው ያነበብሁላችሁ። ይቅር በሉኝ!»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አህያቸውን የያዙ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ገላመጡትና ወደ መምህሩ ቀረቡ።

«እኔ ዛሬ ማታ ልዘፈዝፍ ነበር» አሉ። «የራሱን ስህተት በአደባባይ የሚያርም መምህር ልጄን ያስተምርልኝ።»

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

ቅዳሜ፣ ቤቴ

በባዩሽም በመምህር ጌታሰውም እጅግ ኮርቼ ተመለስሁ። አንድ ነገር ግን መንገዱን ሙሉ ከነከነኝ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ለተማሪዎቼ «ተሳስቻለሁ» ያልሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳልሳሳት ቀርቼ አይደለም።

ሰኞ፣ ትምህርት ቤት

ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳልጽፍ፣ ባለፈው ወር በስህተት ያስተማርኋቸውን ነገርኋቸው።