የአምሐ አጋፋሪ

አምሐ ያንን ሥራ ሲጀምር የለመነው ሰው አልነበረም። ጓደኞቹ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ስቀውበታል፤ ሐቁ ግን ቸግሮ ነበር። የሚሠራበት የጎንደር መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሁለት ሠራተኛና አንድ ደህና ፕሪንተር ነበረው። ፕሪንተሩ የተቀመጠው መዝገብ ቤት ነው፤ ሁሉም ፍላሹን አንጠልጥሎ ወደዚያው ይሮጣል። ቫይረሱ ከፍላሽ ፍላሽ ይዛመታል፣ የአንዱ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ያኛው «እኔ ቀድሜ ነበር!» ብሎ ይጮኻል፤ መሐል ላይ መብራት ድርግም ይልና ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀምራል። ኧረ በዚያች ክፍል ስንቱ ተኳረፈ!

አምሐ የመሪጌታ ልጅ ነው። ያደገው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው፤ ዳዊት ደግሟል፣ ማኅሌት ቆሟል፣ ማን ከማን ቀጥሎ ዜማ እንደሚያነሣ ያውቃል። ሥርዓት ሲፋለስ ያመዋል። ኮምፒዩተር ተምሮ ቢወጣም ያ ጠባዩ አልለቀቀውም። ኢንተርኔት ከመዘጋቱ በፊት ያወረደው ሊኑክስ የሚባል የኮምፒዩተር ማስኬጃ ነበረው፤ የማይገዛ፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ያሻው ሰው እንዳሻው የሚያስተካክለው። ከግምጃ ቤት ክዳኗ የወለቀ አሮጌ ኮምፒዩተር አወጣና ጫነባት። ካፕስ የሚባለውን የኅትመት ክፍሉን አስነሣ፣ ገመድ ዘርግቶ የየቢሮውን ኮምፒዩተር ከእሷ ጋር አገናኘ። ሲወራ ቀላል ነው። ፕሪንተሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ትርጉም የሌለው ምልክት እየተፋ ስንት ወረቀት ጨረሰ! እሱ ተስተካከለ ሲባል ደግሞ አማርኛው ባዶ ሣጥን ሣጥን እየሆነ ወጣ፤ ለካ ፊደሉን አልጫነባትም ነበር። አለቃው «ተው፣ ይቅርብህ» አለው። አምሐ አልተወም።

የመጀመሪያዋ ንጹሕ ገጽ የወጣች ቀን እልል ያሉት የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ናቸው። እዚያች ወንበር ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጠዋል፤ የዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ዳኛ እሳቸው ነበሩ።

«አምሐዬ፣ ይኼ ነገርህ ምን ያደርጋል አልከኝ?»

«ወረፋ ይይዛል፣ እትዬ። ሰዉ ካለበት ሆኖ ይልካል፤ እሱ በተራ በተራ ያትማል። መብራት ቢጠፋ ወረፋው አይጠፋም። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል።»

«እንዲያ ከሆነ አጋፋሪ ነው በለኛ! ተራህ ሳይደርስ አያስገባህ፣ ተራህ ከደረሰ አያስቀርህ።»

ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲያ «ለአጋፋሪው ላክሁት» የማይል ሠራተኛ ጠፋ። አምሐም ደስ ይለው ነበር፤ በሕይወቱ ከሠራው ነገር ሁሉ የሚኮራበት እሱ ነበር።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ መልካሙ ይባላል። የአምሐ እኩያ ነው፣ ዳዊት አብረው ነው የደገሙት። አምባ ጊዮርጊስ ተመድቦ ያስተምር ነበር። መንገድ ሲከፈት ይመጣል፣ ሲዘጋ ይቀራል፤ በዚህ ዘመን የማን ልጅ ሌላ ነው? በስልክ ግን ይገናኙ ነበር። ስልኩ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሲሞላው እናቱ እንቅልፍ አጡ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የወይዘሮ ወለተሩፋኤል የነፍስ አባት ቄስ ክንዱ አምሐን ከመሥሪያ ቤቱ በር አስጠሩት። ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዱትና እጁን ያዙት።

«አምሐ፣ መልካሙ ዐርፏል።»

ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲሄድ ጥይት አገኘው። ጥይቱ ከየት እንደ መጣ የሚናገር የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። መንገዱ ዝግ ስለነበር እዚያው ቀብረውታል። አምሐ ግንቡን ተደግፎ ቆመ።

«እናቱስ?»

«አልሰሙም። መርዶው ነገ ማለዳ፣ ሳይነጋጋ ነው። ወንድማቸው ዛሬ ማታ ከኮላ ድባ ይገባል። እስከዚያ አደራህን፣ ከፊትህ ላይ እንኳን እንዳያነቡብህ።»

መርዶ እንዲሁ ተዘርግፎ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፤ እናት ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዙ ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ሐዘኑን የሚያስቀረው የለም፤ ሰው ግን ብቻውን አይወድቅም። ሌላ ሌላውን ብናጣ ለዚህ ለዚህ ሰው አጥተን አናውቅም ነበር።

ቄስ ክንዱ አንድ ነገር ለመኑት። ለድንኳኑ በርና ለዕድሩ የመልካሙ ፎቶ፣ ከነስሙ ከነክርስትና ስሙ፣ ታትሞ ማደር አለበት። የከተማው ፎቶ ቤት ሁሉ ዝግ ነበር። አምሐ እሺ አለ። ስልኩ ላይ በጥምቀት አብረው የተነሡት ፎቶ ነበረው፤ የራሱን ምስል ቆርጦ አወጣና መልካሙን ብቻውን አስቀረው። ከሥሩ የተወለደበትንና ያረፈበትን ቀን ጻፈ። «ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን» ብሎ ጨመረበት። ይኼን ሲጽፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ወጥቷል። ሃያ ቅጂ እንዲወጣ አዘጋጀና የመልካሙ እናት ከመዝገብ ቤቱ እስኪወጡ ጠበቀ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል መዝገብ ቤቱን ትተው ወደ አለቃው ቢሮ ሲገቡ አያቸው። ላከ። ሮጦ ሊያነሣው ብድግ እንዳለ መብራቱ ድርግም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«አየህልኝ ዕድሌን፣ አምሐዬ? ፈቃዱን ቀድመው ሰጥተውኝ ነበር፣ ጸሐፊዋም ገና ስገባ ደብዳቤውን ላከችልኝ፤ ሳይወጣ መብራቱ ሄደ። መንገዱ ተከፍቷል አሉ፤ ነገ በጠዋቱ ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ሄጄ ያንን ልጅ በዓይኔ ላየው ነው። ኬላው ላይ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ሳልይዝማ ንቅንቅ አልልም። እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አጋፋሪህ እንደሁ ተራዬን አያስነካብኝ።» ከዚያ ፊቱን ልብ ብለው አዩት። «ምነው ጠቆርክ? አሞሃል እንዴ?»

«ራሴን ነው፣ እትዬ። ሄጄ ትንሽ ጋደም ልበል።»

ወደ መዝገብ ቤቱ አምስት እርምጃ ነበር የቀረው። ገብቶ የፕሪንተሩን ገመድ መንቀል፣ በቃ። ኮምፒዩተሩ ስለጠፋ የላከውን መሰረዝ አይችልም፤ ገመድ ግን ሕፃንም ይነቅላል። አምሐ ይኼን ያውቃል፤ ያንን ነገር የሠራው እሱ አይደለም እንዴ? ግን አልገባም። መርዶ የያዘ ሰው ከባለ ሐዘኑ ዓይን ይሸሻል፤ ማንም አላስተማረውም፣ አብሮት ያደገ ነው። ቢገባ፣ «ምን ልትነካ ነው?» ቢሉት፣ ዕንባው እንደሚቀድመው ታወቀው። ለራሱም ምክንያት አላጣም። ስምንት ሰዓት የሄደ መብራት ከማታ በፊት መቼ መጥቶ ያውቃል? ደግሞ ሴትዮዋ ነገ በማለዳ ሊሄዱ መሆኑን ለቄስ ክንዱ መንገር የለበትም? ይኼን እያለ ወጣ።

ቄስ ክንዱን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኛቸው። ነገሩን ሰምተው መርዶውን ወደ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ሊያመጡት ተስማሙ። ማን ማን እጃቸውን እንደሚይዝ እየተነጋገሩ ሳለ ከበሩ በላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ገና ዘጠኝ ተኩል ነበር።

«ተመስገን! ዛሬስ ቶሎ ሰጡን» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

አምሐ ሮጠ። ክዳኗ የወለቀችው ኮምፒዩተር አሁን ራሷ እየተነሣች ነው። ራሷ እንድትነሣ ያደረጋት እሱ ነው። ባጃጅ አጣ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጣው፣ ዘበኛውን ገፍትሮ አለፈ።

ፕሪንተሩ እያተመ ነበር። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል አጠገቡ ተቀምጠዋል። የፈቃድ ደብዳቤያቸው እንደ ተራው ቀድሞ ወጥቶ ጭናቸው ላይ ነበር፤ አምስት የሥራ ቀን ይላል። ከላዩ መልካሙ ነው፤ ከእሱም በላይ መልካሙ። አያለቅሱም። ሃያ ሰባት ዓመት እንደለመዱት አንዱ በወጣ ቁጥር ያነሡና ጠርዙን ከታችኛው ጋር አስተካክለው ያስቀምጡታል። አምሐ ያን ጊዜ ገመዱን ነቀለው። ግማሹ የወጣው ወረቀት እዚያው ቆመ፤ የመልካሙ ግንባርና ዓይኖች ብቻ ይታያሉ።

«ዓርብ ነው የሚለው» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንተስ መቼ ሰማህ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ቀና ብለው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ለእኔ ሰው ጠፍቶ ነው?»

የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው። የሚይዛቸው እሱ ብቻ ነበር፤ አልቻላቸውም። ከእጁ አምልጠው ግንባራቸውን ከመዝገብ መደርደሪያው ብረት ጋር አላተሙት። ከየቢሮው ሴቶች ደርሰው እስኪይዟቸው ወረቀቱ ሁሉ ደም በደም ሆነ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሊቆሙ የተመረጡት ሰዎች ለምሽቱ ለቅሶ ደረሱ፤ መርዶው ቀድሟቸዋል።

የልጃቸው አርባ ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጥቁር ለብሰው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። አምሐን አልተቀየሙትም፤ ዛሬም «አምሐዬ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉታል፤ ምነው በሰደቡት! ፕሪንተሩ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር ብሎ አለቃውን ለመነ፤ በሌላ ክፍል ትርፍ ሶኬት የለም ተባለ። ሥርዓቱን ላፍርሰው ሲል ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ጮኸበት፤ ያለ አጋፋሪው ሥራ አይሄድም።

መሥሪያ ቤቱ በቀን ስልሳ ሰባ ደብዳቤ ያትማል። ከአንዱ ቢሮ አንድ ሰው ይልካል፣ ፕሪንተሩ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል የያዙትን መዝገብ ያስቀምጣሉ፣ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። ሲያበቃ ይመለሱና ይቀመጣሉ። አምሐ ከወንበሩ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደ ወጡ ይቆጥራል።