አሚን የተባለለት አረብኛ

ሰቆጣ ውስጥ "አረብኛ ትችላለች" የተባልኩ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ከተማው በሙሉ አመነው። እኔም አመንኩ።

አባቴ ጨርቅና ጨው ነጋዴ ነበር። በልጅነቴ ከወንድሞቼ ጋር ቁርኣን ቤት ገባሁ። በእንጨት ሎህ ላይ የተጻፈልንን እየጮህን እናነባለን፤ በቃላችን ስንይዘው ሎሁ ይታጠብና ሌላ ይጻፍልናል። ሁሉንም አንብቤ የጨረስኩ ዕለት ቤታችን በግ ታረደ። ወንድሞቼ ከዚያ ወዲያ ወደ ኪታቡ፣ ወደ ትርጉሙ አለፉ። እኔ ወደ ጓዳ። አስተማሪያችን ሸኹ "ለሴት ልጅ ይኸ ይበቃታል" አሉ። በጉ ስለታረደልኝ ደስ ብሎኝ ነበርና ምን እንደቀረብኝ አልታወቀኝም።

ድምፄ ያምር ነበር። አንድ ቀን ከአስመራ ጎኑ ላይ በአረብኛ የተጻፈበት የተምር ሳጥን መጣልን። አባቴ ደንበኞቹ ፊት "እስቲ አንብቢው" አለኝ። እንደለመድኩት ድምፄን ስቤ፣ አዚሜ አነበብኩት። የተቀመጡት ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው "አሚን!" አሉ። ከጻግብጂ ማር ይዘው የመጡ ክርስቲያን ባልቴት እንኳ አማተቡ። ምን እንደሚል የጠየቀ አልነበረም። ያ ሳጥን ልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ብዙ ዓመት ቤታችን ቆየና፣ ይህ የምነግራችሁ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሱዳን ኖሮ የተመለሰ ዘመዳችን አይቶት ሳቀ፤ ጽሑፉ "እርጥበት እንዳይነካው" ነው የሚለው። ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅ እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

አስኳላውን፣ የመንግሥቱን ትምህርት ቤት፣ ግን አልተውኩም። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። አስተማሪ መሆን። ማሰልጠኛው የሚቀበለው የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በአምስት ትምህርት ያለፈ ነው። አራቱ አያሳስቡኝም ነበር። አምስተኛው ጂኦግራፊ ነው፤ እሱንም ተግቼ ባጠና አልወድቅም። ከሌላ አገር የመጣው ችኩል ዳይሬክተራችን ግን የምዝገባው ሰሞን አስጠርቶ፣ "አረብኛ እያለሽ በጂኦግራፊ ምን አደከመሽ? በሁለተኛ ቋንቋነት መፈተን ይቻላል። አስተማሪ የለንም፤ አንቺ ደግሞ አያስፈልግሽም" አለኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ጂኦግራፊ ተሰረዘ፣ አረብኛ ገባ፣ ምዝገባው ደሴ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አይለወጥም።

ቆይቶ ዳይሬክተሩ የድሮ ፈተና ሰጠኝ። ከላይ እስከ ታች ሳልደናቀፍ አነበብኩት፤ አንዱም አልገባኝም። እንደገና አነበብኩት።

ወደ ሸኹ ሄድኩ። "ሸኽ፣ ትርጉሙን ያስተምሩኝ።"

"አንቺማ ጨርሰሻል፣ ልጄ።"

"ማንበቡን ነው የጨረስኩት። የሚለውን አላውቀውም።"

"ታዲያ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠሽ ኪታብ ልትማሪ ነው? አባትሽስ ምን ይላሉ?" ክፉ ሰው አልነበሩም። በደግነት ነው በሩን የዘጉብኝ፤ እንዲህ ያለው ይብሳል፤ የሚረግሙት ሰው እንኳ የለም። ታላቅ ወንድሜን ብለምነው "ሸኹ ያልፈቀዱትን እኔ?" አለ። አባቴን "አባዬ፣ አይገባኝም እኮ" ስለው ሳቀብኝ። "ለማን ገብቶት ያውቃል ብለሽ ነው? አንቺ ብቻ እንደሱ አድርገሽ አንብቢላቸው!"

የሚያንገበግበኝ፣ ቋንቋ የማይገባኝ ሰው አልነበርኩም። ኽምጣንጋን፣ የአገራችንን አገውኛ፣ ማን አስተማረኝ? ሱቃችን በር ላይ ተቀምጬ፣ በጨርቅና በጨው ዋጋ ከሚከራከሩት ገበያተኞች ሰምቼ ነው የያዝኩት። ሲቀልዱ እየሳቅሁ፣ ሲሰድቡኝ እየመለስኩ። "ለሴት ይኸ ይበቃታል" ብሎ የከለከለኝ ስላልነበረ አወቅሁት።

ፈተናው ደሴ ነበር። እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን። አራቱን ትምህርት ደህና ሠራሁ። የአረብኛው ዕለት አንድ ረጅም ጽሑፍ ቀረበልን፣ ከሥሩ ጥያቄዎች አሉት። ከውስጡ የማውቃቸው የፈጣሪን ስምና ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ናቸው። ከዚያ ድርሰት ጻፉ ተባለ። ስለ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ባዶ ወረቀት ማስረከብ ደግሞ ሞት መሰለኝ። ስለዚህ በቃሌ የማውቀውን ዱዓ፣ በሎህ ላይ እንደለመድኩት አሳምሬ፣ ወረቀቱን እስኪሞላ ጻፍኩት። ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጠውን የደሴ ልጅ ጽሑፉ ስለ ምን እንደነበር ጠየቅሁት። "ባቡር ጣቢያ ሻንጣው የጠፋበት ሰውዬ ነዋ!" አለኝ። ድርሰቱስ? ስለ ትውልድ ከተማችን ነበር። ስለ ሰቆጣ ስንት የምለው ነበረኝ!

ውጤቱ ሲመጣ አራቱን አልፌ በአረብኛ ወድቄያለሁ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። "አስኳላ ቁርኣኗን አስረስቷት ነው" ተባለ። አባቴ "አልወደቀችም፤ ጣሏት እንጂ" እያለ ሲፎክር ከረመ፤ መስጊድ ሲሄድ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ለቀጣዩ ዓመት ጂኦግራፊ ይዤ እንድፈተን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። "እስቲ እናያለን" አለኝ። እምቢ አላለም፤ በዚያች "እናያለን" ተንጠልጥዬ የጂኦግራፊ መጽሐፌን ጓዳ ውስጥ ሳነብ ቆየሁ።

ከዚያ ከኮረም ሽማግሌዎች መጡ፤ ለአንድ ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁኝ። ሐሜቱ እነሱም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "መቼም አይቆጡን፤ ልጅቷ ቁርኣኗን ረስታለች ሲባል ሰምተናል" ሲሉ ጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው። አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እባክሽ ልጄ፣ ስሜን አድኚልኝ። ከመጋረጃው ኋላ ሆነሽ አንብቢላቸው" አለኝ። አባቴ ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነበር።

ገባኝ። ብደናቀፍ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ብስት፣ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አድርገው ይሄዳሉ። አባቴ ያፍራል፤ እኔ ግን ደሴ ለፈተናው እሄዳለሁ። ልሳሳት ቆረጥኩ። አፌን ስከፍት ግን የፈጣሪን ቃል ማበላሸት ፈራሁ፤ አንደበቴም እንደለመደው ቀድሞኝ ሄደ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምሬ አንብቤ አላውቅም። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ሲንሰቀሰቁ ሰማሁ፣ ሁሉም "አሚን" አሉ፣ አባቴም "ማነው ወደቀች ያለው!" ብሎ ጮኸ። የሰርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ "እሷ እኮ አረብኛ ትችላለች" ይላል። ያን ዕለት ያነበብኩት ምን እንደሚል ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝም አላውቀውም።